ለስንቅ የሚሆን ዳቦ ቆሎ በ10 ቀን ለምን ይለሰልሳል?

ሊጥ በእጅ (ደብረ ብርሃን)፦
ሰላም ለሁላችሁ። እንደ ድሮ ዘማች ስንቅ ሁለት ወር ሳይበላሽ የሚቆይ ዳቦ ቆሎ እፈልጋለሁ፤ ከአድዋ በዓል በፊት ለሚጀመር የእግር ጉዞ ነው። አሁን የምሠራበት ልክ ይሄ ነው፦ 1 ኪሎ የፉርኖ ዱቄት፣ 2 እንቁላል፣ 1 የሻይ ብርጭቆ ወተት፣ 1 የሻይ ብርጭቆ የኑግ ዘይት፣ ትንሽ እርሾ፣ በርበሬና ጨው። ቆራርጬ ዘይት ውስጥ እጠብሰዋለሁ። በመጀመሪያው ቀን ኩርሽም ኩርሽም ይላል። በ10ኛው ቀን ይለሰልሳል፣ በሦስተኛው ሳምንት የቆየ ዘይት ይሸታል። የገብስ ዱቄት ስቀላቅልበት ደግሞ እንደ ገመድ ሳስረዝመው ይበጣጠሳል። ስህተቱ የቱ ጋ ነው?

ጋሽ ምጣዱ፦
እህቴ፣ እንቁላሉም፣ ወተቱም፣ እርሾውም፣ መጥበሱም ለቡና ቁርስ ያምራሉ። ለስንቅ ግን አራቱም አይሆኑም። ስንቅን የሚያቆየው መድረቁ ነው። እርሾ ውስጡን ይነፋዋል፤ የተነፋ ቁራጭ ደግሞ የአየሩን እርጥበት ቶሎ ይጠጣል። ዘይት ውስጥ ሲጠበስ ውጩ በጥቂት ደቂቃ ይቀላና መሀሉ ውሃ እንደያዘ ይወጣል፤ በ10ኛው ቀን ያለሰለሰው ያ የመሀሉ ውሃ ወደ ውጭ መጥቶ ነው። ሽታው የዘይቱ ጣጣ ነው። የኑግ ዘይት ከብዙ ዘይት ይልቅ ቶሎ ይበላሻል፣ የተጠበሰ ነገር ደግሞ ዘይት ጠጥቶ ነው የሚወጣው።

ልኩን እንዲህ አድርጊው፦ 1 ኪሎ የስንዴ ዱቄት፣ 100 ግራም ንጥር ቅቤ፣ 50 ግራም ስኳር፣ 15 ግራም ጨው፣ 20 ግራም በርበሬ፣ 1 የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ነጭ አዝሙድ፣ ወደ 400 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውሃ። ቅቤው በደንብ የተነጠረ ይሁን፤ ከሥሩ የሚቀረው አጓት ከገባ ሽታው ከዚያ ይጀምራል። ለጾም ከሆነ በቅቤው ፈንታ 80 ግራም ዘይት ይበቃል፤ ግን ከአንድ ወር በላይ አትመኚበት።

በደብረ ብርሃን ብርድ ቅቤ እጅ ላይ ይረጋል። ስለዚህ መጀመሪያ አቅልጠሽ ከደረቁ ዱቄት ጋር አሸዋ እስኪመስል እሺው። ከዚያ ውሃውን 350 ሚሊ ሊትር ጨምሪና የቀረውን እያየሽ ጠብ አድርጊ። ሊጡ ከዳቦ ሊጥ በጣም የጠጠረ መሆን አለበት፣ በጣት ሲጫኑት እምብዛም አይሰረጉድም። እርጥብ ጨርቅ አልብሰሽ ግማሽ ሰዓት አሳርፊው፤ ያላረፈ ሊጥ ሲረዝም ይሸሻል። አየሩ ደረቅ ስለሆነ የምትሠሪበትን ጭብጥ ብቻ አውጪ፣ የቀረው ከጨርቁ ሥር ይቆይ፤ አለዚያ ቆዳ ያወጣል።

ውፍረቱ እርሳስ ያህል፣ ርዝመቱ 1 ሳንቲ ሜትር። እዚህ ላይ ሰነፍ አትሁኚ፦ ትልቅና ትንሽ ከተቀላቀለ ትንሹ ሲያር ትልቁ ጥሬ ነው። ከቆረጥሽ በኋላ በወንፊት ንፊው። እንዳይጣበቅ የነሰነስሽው ዱቄት ምጣድ ላይ ቀድሞ ያርና ሁሉንም ያመርረዋል።

አቆላሉ ሁለት ዙር ነው። ምጣዱ ላይ ሳይደራረብ ዘርጊ፤ የ1 ኪሎ ዱቄቱ ሦስት አራት ጊዜ ይወጣዋል። በቀዝቃዛ እሳት እጅ ሳያርፍ እያማሰሉ 15 ደቂቃ፤ ቀለሙ ገና ነጣ ሲል ሰፌድ ላይ አውጪው። አንድ ሰዓት ይረፍ። የመሀሉ እርጥበት ወደ ውጭ የሚመጣው በዚህ ጊዜ ነው። ከዚያ መልሰሽ 15 እስከ 20 ደቂቃ፣ የገብስ ቆሎ መልክ እስኪይዝ። በርበሬ ያለበት ስለሆነ እሳቱ ከበረታ ጥቁር ነጠብጣብ ያወጣል፣ ያን ጊዜ የሚያስነጥስ ጭስ ይነግርሻል።

መድረሱን በዓይን አትመኚ፤ ሚዛን ካለሽ ከመቁላትሽ በፊት 100 ግራም ጥሬውን ለይተሽ መዝኚ። አብሮ ተቆልቶ 70 ግራም ገደማ ሲደርስ ደርቋል። 78 ወይም 80 ላይ ካቆምሽው እንደገና ይለሰልሳል፣ ቀለሙ የፈለገውን ያህል ቢያምርም።

የመንዝ ገብስ፦
ጋሽ ምጣዱ ያሉት ሁሉ ልክ ነው፤ እሳቱ ላይ ግን ትንሽ ልጨምር። እንጨት ወላፈኑ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ለዚህ ሥራ ኩበት ይሻላል፣ ሙቀቱ ዝግ ያለና አንድ ወጥ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ የምትጠቀም ሰው በእንጀራ ሙቀት እንዳትሞክረው፤ አሙቃ ታጥፋው፣ ሲበርድ መልሳ ታብራው።

አሁን ገብሱ። ገብስ እንደ ስንዴ የሚሳብ ሊጥ አይሰጥም፤ የሚበጣጠሰው ለዚህ ነው። ሲበጣጠስ ውሃ መጨመር የብዙ ሰው ስህተት ነው፣ ይጣበቃል እንጂ አይያያዝም። ከ300 ግራም የገብስ ዱቄት አያልፍ፣ ስንዴው 700 ይሁን። የገብሱን ዱቄት ብቻውን በ300 ሚሊ ሊትር የፈላ ውሃ አገንፍተሽ አማስዪው፣ ክዳን ድፊበትና ይብረድ። በዚህ ከፍታ ውሃ 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ ዱቄቱን ለማጣበቅ ግን ከበቂ በላይ ነው። ከዚያ በቅቤ የታሸውን ስንዴ ጨምረሽ ከ100 እስከ 120 ሚሊ ሊትር ውሃ በቀስታ። ተቆልቶ የተፈጨ የበሶ ዱቄት ከሆነ ውሃውን 40 ሚሊ ሊትር አብዢው፤ የተቆላ ዱቄት የበለጠ ይጠጣል።

ሊጥ በእጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ የመንዝ ገብስ። ምጣድ ለማይመቸው በኦቨን ይሆናል? ደግሞስ የአድዋ ዘማቾች ይዘውት የሄዱት እውነት ይሄው ነው?

ጋሽ ምጣዱ፦
ይሆናል። 160 ዲግሪ ላይ ሳይደራረብ ዘርግተሽ 25 ደቂቃ፣ በየ8 ደቂቃው አገላብጪ፤ ከዚያ 100 ዲግሪ አውርደሽ በሩን በማንኪያ እጀታ ገርበብ አድርገሽ 40 ደቂቃ። በሩ ከተዘጋ እንፋሎቱ መውጫ ያጣል። ጣዕሙ ግን የምጣዱን አያህልም፣ ይሄን ስናገር አላፍርም።

የአንኮበር መንገድ፦
ስለ አድዋው፦ የክተት አዋጁ በመስከረም 1888 ታወጀ፣ ዳግማዊ ምኒልክ በጥቅምት ከአዲስ አበባ ወጡ፣ ውጊያው የካቲት 23 ሆነ። ያን ሁሉ ወር የሚያደርስ ዳቦ ቆሎ ማንም በትከሻው አይሸከምም። የዘማች ስንቅ ሲባል በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽና ቋንጣ ናቸው፤ ሥራቸውም ይለያያል። በሶ ውሃ ይፈልጋል፣ ድርቆሽ ማራሻ ይፈልጋል፣ ዳቦ ቆሎ እየሄዱ ከኪስ የሚበላ ነው። እንዲያም ሆኖ በየካቲት ሠራዊቱ ስንቅ አጥሮት ነበር። በኋላ በጣልያን ወረራ ጊዜ፣ ከ1928 እስከ 1933፣ ራስ አበበ አረጋይ የመሯቸው አርበኞች በሸዋ ገደላገደል ሲዋጉ ደግሞ ጭስ ቦታን ያጋልጥ ነበርና እሳት የማይጠይቅ እህል ምን ያህል እንደሚያስፈልግ መገመት አይከብድም።

ስለ እንቁላሉ ደግሞ፣ እኛ ብቻ አይደለንም የምንተወው። አውስትራሊያና ኒውዚላንድ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት (1914–1918 እ.ኤ.አ.) ጋር የሚያያይዙት አንዛክ የሚባል ብስኩት አለ፤ በአጃ፣ በዱቄት፣ በስኳር፣ በኮኮናት፣ በቅቤና በሽሮፕ ይሠራል፣ እንቁላል የለበትም። ግንባር ላይ ወታደሩ የሚያኝከው ግን ድንጋይ የሚያክል ሌላ ደረቅ ብስኩት ነበር። አጃ ከእኛም ደጋ አይጠፋም፤ የሚሞክር ካለ ገለባው በደንብ የተፈተገ ይሁን።

ሊጥ በእጅ፦
የመጨረሻ፦ በምን ልያዘው? ለቀን ስንት ይበቃል?

የመንዝ ገብስ፦
ሙሉ በሙሉ ሳይበርድ አትቋጥሪው፤ ሰፌድ ላይ ቢያንስ ሦስት ሰዓት። ለብ እንዳለ ፕላስቲክ ውስጥ ከገባ ላብ ያወጣና ሻጋታው ከዚያ ነው። በግማሽ ግማሽ ኪሎ ከፋፍለሽ በደንብ እሰሪው፣ ከላይ የጨርቅ ከረጢት፤ አንዱ ሳያልቅ ሌላው አይከፈት። የጨርቅ ብቻ ከሆነ በበጋ ደጋ ላይ ይቆያል፣ ዝናብ ሲመጣ አይሆንም።

100 ግራሙ ወደ 400 ኪሎ ካሎሪ ነው፤ በመንገድ ላይ መክሰስ ከሆነ ለቀን 150 ግራም፣ ሌላ ምግብ ከሌለ 500 ግራምም አይበዛም። ውሃ በደንብ ይጠጣበት። ጣርማ በርን አልፋችሁ ደብረ ሲናን ወርዳችሁ ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ ቆላ ነው፤ ቅቤው ይላላል፣ ሽታውም ይፈጥናል። ለዚያ ክፍል የሚሆነውን በ60 ግራም ቅቤ ለይተሽ ሥሪው፣ ትንሽ ይጠነክራል እንጂ ይቆያል።

የለሰለሰውን ምጣድ ላይ 7 ደቂቃ ብትመልሺው ይድናል። የሸተተው ግን በመቁላት አይመለስም፤ የሻገተውንም ለቅመሽ ቀሪውን አትብዪ፣ ከረጢቱን በሙሉ ጣዪው።