ለእናቴ ጭንቅላት ቁስል የካንሰር መድኃኒት ታዘዘ፣ ምን ትላላችሁ?

የከዚራ ልጅ፦
ሰላም ናችሁ? እናቴ ጭንቅላቷ ላይ ሶሪያሲስ የሚባል የቆዳ በሽታ አለባት። መጀመሪያ ፎረፎር ነው ተባለ፣ ቀጥሎ ቆረቆር። በዚህ በድሬ ሙቀት ሻሽ አስራ ነው የምትውለው። ስትፈታው የዓሣ የመሰለ ነጭ ቅርፊት ትከሻዋ ላይ ይራገፋል። ቅባቱም ሻምፖውም አልሠራላትም። አሁን ሜቶትሬክሴት የሚባል ኪኒን ታዘዘላት። ጎግል ሳደርገው የካንሰር መድኃኒት ነው ይላል! ካንሰር ደብቀውን ይሆን? ፀጉሯስ ይረግፋል?

ባለ መድኃኒቱ፣ ሐረር፦
አቦ አትደንግጥ! ሸዋ በር አካባቢ መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው፤ ይሄን ጥያቄ ባንኮኒው ላይ ሁሌ እሰማዋለሁ። የካንሰር መድኃኒት መሆኑ እውነት ነው፣ እናትህ ግን ካንሰር አለባት ማለት አይደለም። በ1951 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች የቅርብ ዘመዱን አሚኖፕተሪንን ለመገጣጠሚያ ሕመም ሲሞክሩ፣ ሶሪያሲስ የነበረባቸው ሰዎች ቆዳ ጠራ። እንዲሁ በአጋጣሚ።

መጠኑ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ለካንሰር በደም ሥር በግራም የሚሰጥበት ጊዜ አለ። ለቆዳ ብዙውን ጊዜ ከ7.5 እስከ 25 ሚሊግራም ነው፣ እሱም በሳምንት አንዴ። በሳምንት! እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ ነው። ኪኒን ሁሉ በየቀኑ የሚዋጥ የሚመስለው ሰው ሞልቷል። ይሄን በየቀኑ የዋጠ ሰው አፉ ይቆስላል፣ መቅኔው ደም ማምረት ያቅተዋል፣ ሊሞትም ይችላል። አንድ ቀን ምረጡና ፓኮው ላይ በእስክሪብቶ ጻፉት። ፎሊክ አሲድ የሚባለው ቫይታሚን ከታዘዘላት በሌላ ቀን ትውሰድ። የደም፣ የጉበትና የኩላሊት ምርመራም እንዳይቀር።

ደግሞ ባክትሪም የሚባለው አንቲባዮቲክ! ሽንት አቃጠለኝ ብላ ከየትም ገዝታ እንዳትውጥ። ሁለቱ ሲገናኙ መቅኔን ክፉኛ ይጎዳሉ።

ፀጉር? በዚህ መጠን የሚሳሳው ጥቂት ሰው ላይ ነው።

እሙ፦
እኔም እየወሰድኩት ነው። መጀመሪያ ሰሞን ምንም አልሠራ ብሎኝ ልተወው ነበር። ለውጡ የታየኝ ሁለት ወር ገደማ ቆይቶ ነው፣ ትታገስ። ያቅለሸልሻል፤ እራት በልቼ እውጠውና እተኛለሁ። ባለ መድኃኒቱ፣ ልጅ ብፈልግስ?

ባለ መድኃኒቱ፣ ሐረር፦
እህቴ፣ ፅንስ ይጎዳል። እየወሰድሽ ማርገዝ የለብሽም። ከማሰብሽ በፊት ለሐኪምሽ ንገሪ።

የከዚራ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ማዘዣው ላይ «በሳምንት አንዴ» ይላል፣ ፓኮው ላይ ግን የጻፈልን የለም። ማክሰኞ ብለናል። አርብ ቤታችን እንግዳ ይበዛል፣ ትረሳዋለች።