የሃፕቶግሎቢን ዓይነትና ፕሪኤክላምፕሲያ፦ የጋራ ፕሮፖዛላችን

አስተባባሪ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ረቂቁን ከማስገባታችን በፊት አብረን እንየው። ጥያቄያችን እናት በዘር የወረሰችው የሃፕቶግሎቢን ዓይነት ለፕሪኤክላምፕሲያ፣ ማለትም በእርግዝና ለሚመጣው አደገኛ የደም ግፊት በሽታ፣ ያጋልጣታል ወይ የሚል ነው። ሃፕቶግሎቢን በደም ውስጥ ያለ አንቲኦክሲደንት (ሴሎችን ከኦክሲጅን ጉዳት የሚከላከል) ፕሮቲን ነው። ከፈረሱ ቀይ የደም ሴሎች የሚወጣውን ሄሞግሎቢን ይይዛል፤ ካልያዘው በሄሞግሎቢኑ ውስጥ ያለው ብረት የደም ሥርን ይጎዳል። ጂኑ 1 እና 2 የሚባሉ ሁለት መልኮች አሉት፤ ከእናትና ከአባት አንድ አንድ ስለሚወረስ ሰው ወይ 1-1፣ ወይ 2-1፣ ወይ 2-2 ነው። በመከላከል 1-1 ይበረታል። ረቂቁ 2-2 ለሆኑት፣ አንቲኦክሲደንት የሆኑትን ቫይታሚን ሲ እና ኢ እንስጥ ይላል። ምን ትላላችሁ?

ሐኪም፦ ቫይታሚኑ ይውጣ። አሜሪካ ውስጥ ወልደው በማያውቁ ከ10,000 በላይ ነፍሰ ጡሮች ተሞክሮ ውጤቱ በ2010 እ.ኤ.አ. ወጣ። በሽታውን አልቀነሰም። ሃፕቶግሎቢንን ያዩት ጥናቶችም እርስ በርስ አይስማሙም። እኛ እናጥና እንጂ በዚህ አናክም። ተጋላጭ የሆነች እናት አስፕሪኗን የጂን ውጤት ሳትጠብቅ ትጀምር። የዓለም ጤና ድርጅት ምክር በቀን 75 ሚሊ ግራም ነው፣ ከ20ኛው ሳምንት በፊት ተጀምሮ።

የላብራቶሪ ባለሙያ፦ ረቂቁ ላይ የሃፕቶግሎቢኑን ዓይነት ከሴረም (ከደሙ ፈሳሽ ክፍል) በጄል፣ ፕሮቲኖችን በመስመር በሚለይ ምርመራ፣ እንለያለን ብለናል። ወባ ባለበት አካባቢ ይህ አያዋጣም። ወባ ሴሎቹን ሲያፈርስ ሃፕቶግሎቢኑ ተሟጦ ያልቃል። ጄሉ ላይ መስመር ላናይ እንችላለን፣ የእናትየዋ ጂን ግን ያው ነው። ወጪው ቢጨምርም ዲኤንኤውን በፒሲአር (ጂኑን አባዝቶ በሚያሳይ ምርመራ) እንይ።

አዋላጅ ነርስ፦ እኔን የሚያሳስበኝ የግፊት ልኬታችን ነው። አንዲት የ33 ሳምንት ነፍሰ ጡር ራስ ምታት ያዛት። ቤት ውስጥ «ምች ነው» ተባለ፣ ዳማከሴ ታሸች። ዓይኗ ብዥ ሲልባት አመጧት። ግፊቷ 170/110! የሚጥል መናድን የሚከላከለው ማግኒዚየም ሰልፌት ደረሰላትና ተረፈች። ካርዷን ገልጬ ሳይ፣ ከሳምንት በፊት 120/80 ተብሎ ተጽፏል። በመዝገቡ ላይ ከእሷ በላይ የተጻፉት እናቶችም ሁሉ 120/80 ናቸው። በእንዲህ ያለ መዝገብ ላይ ጂን ብንደምርበት ምን እናገኛለን? እናትየዋ አምስት ደቂቃ ትረፍ፣ ክንዷ በልብ ትክክል ይደገፍ፣ ሁለት ጊዜ ይለካ። «ምች መትቶሽ ነበር?» የሚለውም ከጥያቄዎቹ ይግባልን።

አስተባባሪ፦ ሲስተር፣ ልክ ነዎት። የልኬት ሥልጠናው ከጂን ምርመራው ይቅደም፣ በጀቱም ከእሱ ይጀምር። ቫይታሚኑን አውጥቼዋለሁ፣ ፒሲአሩ ገብቷል።

አዋላጅ ነርስ፦ አንድ ነገር ልጨምር። ፈቃድ መጠየቂያው ላይ «በዘር» የምትለዋን ቃል እንጠንቀቅባት። አማት ሰምታ «ከእሷ ዘር ነው» ካለች ጣጣው ለልጅቷ ነው። ውጤቱ ለራሷ ብቻ ይነገር።

አስተባባሪ፦ እሷን አንቀጽ እርስዎ ይጻፉልን። እስከ ሐሙስ ማታ ብትደርሰኝ ይበቃል።