ልጆች ራሳቸው የሰሩት መኪና አልሄድ ሲላቸው ምን ብላችሁ ነው የምታግዟቸው?

የቱሉ ዲምቷ እናት፦
ሰላም ናችሁ ወገኖች፣ ልጄ 9 አመቱ ነው፣ ከኮንዶሚኒየሙ ልጆች ጋር ሆኖ ከሃይላንድ መኪና ይሰራል፣ ክዳኑን ጎማ ያደርገዋል፣ ላይዋ ላይ ፊኛ አስሮ በስትሮ ይነፋና ይለቃታል። ትንሽ ትሄድና ትታጠፋለች ወይ እዛው ትንቀጠቀጣለች፣ እሱም ወዲያው "አትረባም" ብሎ ይወረውራታል። ታላቅ ወንድሙ ደግሞ አያስችለውም፣ ተቀብሎ ያስተካክልለታል፣ ትሄዳለች ግን ከዛ በኋላ ልጁ አይነካትም። እኔ የምፈልገው ራሱ ችግሯን አይቶ እንዲያሻሽላት ነው፣ ምን ብዬ ልጠይቀው?

መምህርት ከለገጣፎ፦
ጥያቄሽ በጣም ደስ ይላል። እኔ ትንንሾቹን አካባቢ ሳይንስ ነው የማስተምረው። መጀመሪያ "ምን እንድታደርግልህ ነበር የፈለከው?" በይው። ሩቅ እንድትሄድ ነው? ቀጥ እንድትል ነው? እቃ እንድትጭን ነው? እሱ ሳይወሰን ነው "አትረባም" የሚባለው። ከዛ ምንም ሳይነካት ከአንድ መስመር ላይ 3 ጊዜ ይልቀቃትና የደረሰችበት ላይ በጠመኔ ምልክት ያድርግ። አንዴ ለቆ መፍረድ ጥሩ አይደለም ምክንያቱም ፊኛው አንዴ ብዙ አንዴ ትንሽ ይነፋል፣ እኩል እንዲሆን ወገቡን በክር መለካት ይችላሉ። ሲያሻሽል ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ይቀይርና እንደገና ይሞክር፣ ጎማውንም ፊኛውንም አንድ ላይ ከቀየረ የቱ እንደረዳው በምን ያውቃል?

የጋራዥ ልጅ፦
እህቴ እኔ ገላን ጋራዥ ነው የምሰራው፣ ልጅ ሆነን የሽቦ መኪናና የኩሽኔታ ጋሪ እየሰራን ነው ያደግነው። መምህርቷ ያሉት ልክ ነው፣ ግን ልጁ የት የት ማየት እንዳለበትም ይነገረው፣ ዝም ብሎ "አስብ" ቢባል ከየት ያመጣዋል። መኪናዋን ገልብጦ ጎማውን በጣቱ ያሹረው፣ በደንብ የሚዞር ጎማ ከተለቀቀ በኋላም ትንሽ ይሽከረከራል፣ ወዲያው ቀጥ ካለ የሆነ ቦታ እየታከከ ነው። ብዙ ጊዜ ሁለቱን ጎማ የሚያያይዘው እንጨት በቀጥታ ሃይላንዱ ቀዳዳ ውስጥ ስለሚዞር ነው የሚያዘው፣ የእስክርቢቶ ቀፎ ቆርጦ ያስገባና እንጨቱ እዛ ውስጥ ይዙር። ከተንቀጠቀጠች ክዳኑ መሃሉ ላይ አልተበሳም። ከታጠፈች የፊትና የኋላው እንጨት መሃል ያለውን ርቀት በማስመሪያ በግራም በቀኝም ይለካ፣ እኩል ካልሆነ አገኘው፣ እኩል ከሆነ ደግሞ ስትሮውን ይይ፣ አየሩ የሚወጣበት ወደ ጎን ከዞረ መኪናዋም ትዞራለች። ኮብልስቶን ላይ ግን አይሞክሩ፣ እንደዛ ትንሽ ጎማ ድንጋዩ መሃል ይሰነቀራል፣ የብሎኩ ኮሪደር ይሻላል። ክዳን የሚበሳው ሚስማር ተግሎ ከሆነ እሱን ትልቅ ሰው ይስራላቸው በናትሽ!

አባት ከቡራዩ፦
ሁላችሁም ያወራችሁት ስለሩቅና ስለቀጥታ ነው፣ ሁሉም ልጅ ግን እሱን አይፈልግም። የኔ ልጅ 7 አመቷ ነው፣ የሰራችው ጋሪ ሲገፋ ላዩ ላይ ያለችው የካርቶን ወፍ ብድግ ቁጭ ትላለች፣ የጎማው ሽቦ መሃል ላይ ጎበጥ ተደርጓል፣ ሲዞር ወፏን የያዘውን ዘንግ ከስር ይገፋዋል። ይቺን በሜትር ብትለኳት ምንም አታወጣም። የጎረቤት ልጅ ሲጫወትባት ቁጭ ብላ እንድታይ አደረግን፣ እሷም "ወደ ላይ ትወጣለች ግን ቶሎ አትወርድም" አለች። መፍትሄ ብላ ወፏን በወረቀት ቀየረቻት፣ ጭራሽ ላይ ቀረች! ዝም አልናት። ወረቀቷ ቀላል ሆና ነው የማትወርደው የሚለውን ራሷ ደረሰችበት፣ የአንድ ብር ሳንቲም ሆዷ ላይ ለጠፈችባትና አሁን ቷ እያለች ትወርዳለች። እኔ ብነግራት ኖሮ በሁለት ደቂቃ ያልቅ ነበር፣ ግን ለመጣ እንግዳ ሁሉ ስለ ሳንቲሙ ስታስረዳ ብታዩአት።

የቱሉ ዲምቷ እናት፦
ተባረኩ ሁላችሁም፣ የወፏን ነገር ለልጄ ነግሬው እኔም ልስራ እያለ ነው። ታላቅየውን ግን ምን ላድርገው? እጁ አያርፍም።

መምህርት ከለገጣፎ፦
ስራ ስጪው። ርቀቱን እሱ ይለካ፣ ደብተር ላይ ይመዝግብ፣ መኪናዋን ግን ባለቤቷ ሳይፈቅድ አይንካ። መስራት ካማረው የራሱን ይስራና ከታናሹ ጋር ጎን ለጎን ይልቀቁ። ደግሞ አዲስ ሲሰሩ የድሮዋን አያፍርሷት፣ ምን እንደተሻሻለ የሚያዩት ከሷ ጋር እያስተያዩ ነው።