ደብረ ብርሃን፦ 10 ሜጋ አስገብቼም ኢንተርኔቱ ቆመብኝ፣ ቤቱ ሙሉ ነው፣ ድረሱልኝ

ጠባሴ ኢንተርኔት ቤት፦
እባካችሁ የምታውቁ ቶሎ መልሱልኝ። ልጆች የሥራ ማመልከቻ እየሞሉ ነው፣ ማስገቢያው ዛሬ ማታ ያበቃል። ፎርሙ ይሞላል፣ «ላክ» ሲሉት ይሽከረከር ይሽከረከርና ይቀራል። አንዷ ልጅ ከመሐል ሜዳ ድረስ የመጣች ናት፤ ሦስቴ ሞልታ ሦስቴም ጠፋባት። መስመሩ 4 ሜጋ ነበር፣ ባለፈው ወር 10 አስደረግሁት። ለውጥ የለም። ከመስመሩ እየቀነሱብኝ መሰለኝ። ምን ላድርግ?

ኬብል ጎታች፦
ራውተሩን አጥፍተሽ 30 ሰከንድ ቆይተሽ አብሪው።

ጠባሴ ኢንተርኔት ቤት፦
አድርጌዋለሁ። አምስት ደቂቃ ደህና ሆነና ተመልሶ ያው።

ሰላ ድንጋይ፦
10 ሜጋ ለስንት ሰው ይበቃል እህቴ? 20 አስደርጊው።

የእነዋሪ መምህር፦
ልጄ፣ ይህ ነገር ታሪክ አለው። በፈረንጆቹ 1986 በካሊፎርኒያ፣ በሎውረንስ በርክሌይ ቤተ ሙከራና በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ መካከል ያለው መስመር በሴኮንድ ከ32 ሺህ ቢት ወደ 40 ቢት ወረደ። ሁለቱ ቦታዎች 400 ያርድ ያህል ቢራራቁ ነው! መስመሩ አልተቆረጠም። ኮምፒውተሮቹ መልስ ሲዘገይባቸው ያንኑ ደግመው ደጋግመው እየላኩ መንገዱን ዘጉት። ቫን ጃኮብሰን የተባለ ሰው በ1988 መፍትሔውን አሳተመ፦ ላኪው በጥቂቱ ይጀምር፣ መንገዱ ሲከፈትለት ይጨምር፣ ፓኬት (የሚላከው የመረጃ ቁራጭ) ሲጠፋበት ይቀንስ። ዛሬም አብዛኞቹ ኮምፒውተሮች በመሠረቱ እንዲህ ነው የሚሠሩት። ልብ በይ፣ ላኪው መንገዱ መጨናነቁን በአብዛኛው የሚያውቀው ፓኬት ሲጠፋበት ነው። ራውተሩ ምንም ሳይጥል ሁሉን በሆዱ ካከማቸ ላኪው ሰላም ነው ብሎ መጫኑን ይቀጥላል።

ኬብል ጎታች፦
መምህር፣ ማመልከቻው እኮ ዛሬ ማታ ነው የሚያበቃው። እህቴ፣ ራውተሩን ዳግም አጥፍተሽ ሞክሪ።

አንኮበር፦
እህቴ፣ ማንም የቀነሰብሽ አይመስለኝም፤ ቢቀንሱብሽ ማንም በሌለበት ፍጥነት ስትለኪ ይታይሽ ነበር። ችግሩ የፍጥነት አይመስለኝም፣ የወረፋ ነው። ሁለት ነገር ንገሪኝ፦ አሁን ፒንግ (መልእክት ሄዶ መልሱ እስኪመለስ የሚፈጀው ጊዜ) ስንት ነው? አፕሎድሽስ (የመላኪያ ፍጥነትሽ) ስንት ሜጋ ነው?

ጠባሴ ኢንተርኔት ቤት፦
ጠዋት ማንም ሳይኖር 45 ሚሊሴኮንድ ነበር። አሁን 1900 ይላል፣ አንዳንዴ ጭራሽ አይመልስም። አፕሎድ 2 ሜጋ ነው። ለካ አልነገርኳችሁም፣ ታናሽ ወንድሜ ጥግ ላይ የደንበኛ የሠርግ ቪዲዮ በቴሌግራም እየላከ ነው።

አንኮበር፦
ተገኘ! ቪዲዮውን አሁኑኑ አስቁሚው። ልጅቷ ማመልከቻዋን ትላክ፣ ከዚያ እናወራለን።

ሹፌር ከደብረ ሲና፦
እኔ ኮምፒውተር አላውቅም፣ ነገሩ ግን ገባኝ። ጣርማ በር ዋሻው አፍ ላይ ከባድ መኪና ሲደረደር፣ ከኋላ የመጣች ባጃጅም እዚያው ትቆማለች። ከዋሻው ወዲህ ያለውን አስፋልት ብታሰፋው ዋሻው አይሰፋም። ሰላ ድንጋይ፣ 20 አስደርጊው ያልከው እንደዚያ ነው።

አንኮበር፦
ጋሼ ልክ ብለዋል። ሒሳቡም ይኸው። ራውተሩ ውስጥ 500 ኪሎባይት ወረፋ ቢጠራቀም 4 ሺህ ኪሎቢት ነው። በ2 ሜጋ አፕሎድ ያ እስኪወጣ 2 ሴኮንድ ይፈጃል። አንቺ ያየሽው 1900 እሱ ነው። የልጅቷ ፎርም ጥቂት ኪሎባይት ቢሆንም ከሠርጉ ቪዲዮ ኋላ ተሰልፏል። ራውተርሽ ምንድን ነው?

ጠባሴ ኢንተርኔት ቤት፦
ማይክሮቲክ የሚባለው ነው፣ ሶፍትዌሩ ቨርዥን 7። ቪዲዮውን አስቆምኩት። ፒንጉ ወደ 50 ወረደ!! ልጅቷ ላከች፣ «ደርሷል» አላት! ግን ቪዲዮውም የሰው ነው፣ ለነገ ቃል ገብተናል። ሲምፕል ኪው (የፍጥነት መገደቢያ ወረፋ) እኮ አለኝ፣ ለምን አልሠራም?

አንኮበር፦
እንኳን ደስ አላችሁ! ኪው እያለሽ ካልሠራ ፋስትትራክ (ራውተሩ ትራፊክን በአቋራጭ የሚያሳልፍበት) ነው። በፋስትትራክ ያለፈ ትራፊክ ሲምፕል ኪውን አያይም። ዊንቦክስን (የማይክሮቲክ ማስተካከያ ፕሮግራሙን) ክፈቺ፣ ፋየርዎል ውስጥ ፊልተር ሩልስ ላይ ፋስትትራክ የሚለውን መስመር ዲስኤብል አድርጊ። ከዚያ ኪው ታይፕ (የወረፋ ዓይነት) ላይ ካይንዱን ኬክ በይው። አዎ፣ ስሙ እንደዚያ ነው። በሲምፕል ኪውሽ ለአፕሎዱም ለዳውንሎዱም እሱን ምረጪ። ማክስ ሊሚቱን (የፍጥነት ጣሪያውን) አፕሎድ 1800 ኪሎ፣ ዳውንሎድ 9 ሜጋ አድርጊ። ከመስመርሽ ትንሽ ዝቅ ማለት አለበት። አለበለዚያ ወረፋው የሚጠራቀመው አንቺ በማታዝዢበት ዕቃ ላይ ነው። ኬክ የያንዳንዱን ሰው ትራፊክ ለየብቻ ያሰልፋል፣ ፎርሙ ከቪዲዮው ኋላ አይቆምም።

ሰላ ድንጋይ፦
የከፈለችበትን 10 ሜጋ ወደ 9 ዝቅ አድርጊ ትላለህ? ይሄማ ኪሳራ ነው።

አንኮበር፦
አንድ ሜጋ ትሰጣለች፣ ሁለት ሴኮንድ ታተርፋለች። ሦስቴ ሞልቶ የጠፋበት ደንበኛ ተመልሶ አይመጣም።

የእነዋሪ መምህር፦
ያ ጃኮብሰን ከካትሊን ኒኮልስ ጋር በ2012 ኮዴል የሚባለውን የወረፋ መቆጣጠሪያ ዘዴም አወጣ፤ ኬክ የተሠራው በእሱ ሐሳብ ላይ ነው። ፓኬቶች በወረፋ ከ5 ሚሊሴኮንድ በላይ ሲቆዩና ይህ ለ100 ሚሊሴኮንድ ሲዘልቅ፣ አንዳንዱን ይጥላል። መጣሉ ለላኪው «ቀንስ» ማለት ነው። የጠፋውን ላኪው ራሱ ይደግመዋል፣ ቪዲዮው አይበላሽም።

ኬብል ጎታች፦
ስትጨርሺ ራውተሩን አጥፍተሽ አብሪው።

አንኮበር፦
አሁንስ ልክ ነህ። ቀድመው በፋስትትራክ የገቡት ግንኙነቶች እስኪዘጉ ድረስ ኪውውን አያዩም፣ ሪስታርት ያጸዳቸዋል።

ሸዋ ሮቢት፦
የኔ ቨርዥን 6 ነው፣ ኬክ የሚል የለውም።

አንኮበር፦
6 ላይ የለም። ፒሲኪው አፕሎድ ዲፎልት እና ፒሲኪው ዳውንሎድ ዲፎልት የሚሉ አሉልህ። እንደ ኬክ ወረፋውን አያሳጥሩም፣ ግን ለያንዳንዱ ኮምፒውተር እኩል ያካፍላሉ። ማክስ ሊሚት ማስገባቱን አትርሳ። ፋስትትራክንም አጥፋ።
ጠባሴ፣ ቪዲዮውን መልሳችሁ ጀመራችሁ? ፒንጉ ስንት ሆነ?