ቻና ማሳላ ጎንደር ላይ፦ ሽምብራው አልበስል፣ ጣዕሙም ከወጥ አልለይ ይላል

የማራኪዋ፦
ጤና ይስጥልኝ። ለጾም ገንቢ የሆነ የሕንድ ካሪ ፈልጌ ቻና ማሳላ መረጥኩ። ግማሽ ኪሎ ሽምብራ ተዘፍዝፎ አድሮ፣ ሁለት ሰዓት ተቀቅሎም ልቡ ይጠጥራል። ጣዕሙም ዞሮ ዞሮ የሽምብራ ወጥ ነው። አዘገጃጀቱ ላይ ክሬም የሚል አለ፤ በጾም በምን ይተካል? ፕሬሸር ድስት አለኝ።

አዘዞ፦
እህቴ፣ መጀመሪያ የሽምብራውን ዓይነት እንለይ። ቻና ማሳላ ባብዛኛው የሚሠራው ትልቁና ነጣ ባለው ካቡሊ ነው። ገበያችን በብዛት የሚሰፈረው ግን ትንሹ ቡናማ የአገር ሽምብራ ነው። ሕንዶችም ይህን ዓይነት ካላ ቻና ብለው ለብቻው ያበስሉታል። ልጣጩ ወፍራም ስለሆነ በካቡሊ ሰዓት አይደርስም። በዚያ ላይ ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ናትና ውኃ 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ እሳት ብትጨምሪ ውኃው ቶሎ ይተናል እንጂ ሙቀቱ ከዚያ አያልፍም። ፕሬሸር ድስቱ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ለቅመሽ፣ አጥበሽ 12 ሰዓት ዘፍዝፊው። ውኃውን ድፊና በአዲስ ውኃ ሁለት ጣት አሳልፈሽ ጣጂው፤ ሩብ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳና አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ይግባበት። ቤኪንግ ፓውደር አይደለም። ሶዳው ከዚህ ከበዛ ሳሙና ሳሙና ይላል። ድስቱ ከግማሽ በላይ አይሙላ፤ አረፋው መተንፈሻውን ይደፍነዋል። ማፏጨት ሲጀምር እሳቱን ቀንሰሽ 40 ደቂቃ አቆዪው፤ ከዚያ አውርደሽ እንፋሎቱ በራሱ ይውጣ። ፍሬዋን በሁለት ጣት ስትጫኛት ውስጧ ልሞ ከተዳጠ በስሏል። ልጣጯ አለመፍረሱ የዘሩ ጠባይ ነው፣ እሱን ብለሽ አትጠብቂ። እስከዚያ ድረስ ቲማቲምና ሎሚ አይንኩት፤ ኮምጣጣ ነገር ሽምብራን ያጠጥራል።

ቅመም ወዳድ፦
ወጥ ወጥ የሚለው ከአቁላላሉ ነው። እኛ ሽንኩርቱን በደረቁ አቁላልተን ዘይት እናስከትላለን፤ እዚህ ዘይቱ ይቀድማል። ሩብ ብርጭቆ የሱፍ ዘይት አግይና አንድ የሻይ ማንኪያ ያልተፈጨ ከሙን ጣል አድርጊ። የኑግ ዘይት ይቅር፣ ጣዕሙ ይጫነዋል። ከሙን ጠፋ ብለሽም ነጭ አዝሙድ እንዳታስገቢ፣ ጭራሽ ሌላ ቅመም ነው። ፍሬው ሲንጣጣ ወዲያው ሦስት የተከተፈ ቀይ ሽንኩርት፤ እንደ ዳቦ ቅርፊት እስኪቀላ ሳትቸኩዪ አማስዪው።

ቀጥሎ የተደቆሰ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል በየአንድ የሾርባ ማንኪያ፣ ከዚያም አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ድንብላል፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ እርድ፣ ሁለት የተከተፈ ቃሪያ። ደረቅ ቅመም በሰከንዶች ያርራልና ጠብ ጠብ የሚል ውኃ አይለየው። በርበሬያችን በፍጹም አይግባ፤ ውስጡ ያለው ኮረሪማና አዝሙድ መልሶ ወጥ ያደርገዋል። አራት ቲማቲም ፈጭተሽ ጨምሪና ዘይቱ በዳር በዳር ተለይቶ እስኪወጣ አብስዪው። እዚህ ላይ የቸኮለ ሰው ካሪው ጥሬ ቲማቲም ይሸተዋል።

ሽምብራውን ከሁለት ብርጭቆ መቀቀያው ውኃ ጋር ጨምረሽ 20 ደቂቃ ሳትከድኚ አንተክትኪው። አንድ ጭልፋ ፍሬ ድጠሽ ብትመልሽበት መረቁ ይወፍራል፤ የክሬሙ ነገር በዚህ አለቀ፣ ካላ ቻናም ክሬም አይፈልግም። ስታወርጂ አንድ የሻይ ማንኪያ ጋራም ማሳላ፣ የግማሽ ሎሚ ጭማቂና የድንብላል ቅጠል። ማሳላው ካልተገኘ ከሙን፣ ድንብላል፣ ሄል፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ቀረፋና ጥቂት ቅርንፉድ አመስ አድርገሽ ፍጪ። ቅርንፉዱ ከበዛ ሌላውን ሁሉ ይውጠዋል።

አዘዞ፦
ስለ ገንቢነቱ፦ 100 ግራም ደረቅ ሽምብራ 20 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው። ግማሽ ኪሎው ለአምስት ሰው ቢካፈል ለያንዳንዱ 20 ግራም ገደማ ይደርሰዋል። በሩዝም በጤፍ እንጀራም ብሉት፤ ፕሮቲን ከሚገነባባቸው አሚኖ አሲዶች ሽምብራ የሚያንሰውን ሜቲዮኒን እህሉ ይሞላል፣ እህል የሚያንሰውን ላይሲን ሽምብራው።

የማራኪዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ፕሬሸር የሌላት ጎረቤቴስ?

አዘዞ፦
የሽምብራ ክክ ትግዛ። ሁለት ሰዓት ዘፍዝፋ በተራ ድስት ከአንድ ሰዓት ትንሽ ከፍ ቢል ነው። ሶዳ አያስፈልገውም፣ ይፈርስባታል።