ከሥራ፣ ከልጆችና ከታክሲ ሰልፍ መሀል ለራስ ጤና የሚሆን ሰዓት ከየት ይውጣ?

የሰሚቷ፦

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሰሚት ኮንዶሚኒየም፣ የምሠራው ሜክሲኮ አካባቢ ሂሳብ ክፍል ውስጥ ነው። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ነኝ። ጠዋት 12፡30 እወጣለሁ፣ 2፡00 ሥራ እገባለሁ፣ 11፡00 እወጣለሁ፣ ቤት ስደርስ ማታ 1፡00 ይሆናል። ቅዳሜ ግማሽ ቀን አለ። ልጆቹ (4 እና 7 ዓመት ናቸው) 3፡00 ይተኛሉ፤ እኔ 5፡00 ተኝቼ 11፡00 እነሳለሁ።

የዘንድሮ እቅዴ፦ 8 ኪሎ መቀነስ፣ በየቀኑ ስፖርት፣ በቀን 3 ሊትር ውሃ፣ ስኳር መተው፣ ቶሎ መተኛት፣ በወር አንድ መጽሐፍ፣ ስልክ መቀነስ። ረቡዕና ዓርብን እስከ 6 ሰዓት እጾማለሁ። ስኳርም ግፊትም የለብኝም፣ ወገቤን ግን ያመኛል። ከዚህ ሁሉ የቱን ልያዝ? ስንት ደቂቃ ይበቃል? የትስ ላስገባው? ጂም ግቢ እንዳትሉኝ፤ ጊዜውም ገንዘቡም የለም።

ደብተሬ፦

እህቴ፣ መጀመሪያ ሂሳቡን እንሥራው፤ ሙያሽም ነው። ሳምንት 168 ሰዓት ነው። ለእንቅልፍ በቀን 7 ብንይዝ 49 ይሄዳል። ሥራ ከነምሳ ሰዓቱና ከነቅዳሜው ሌላ 49። መንገድ 20 ግድም። የሚተርፈው 50 ነው፤ እሱም ምግብ ማብሰል፣ ልጆች፣ ልብስ አጠባ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ለቅሶ፣ ዘመድ ጥየቃ ሁሉ የሚገባበት። ስለዚህ «በየቀኑ ስፖርት» ስትይ ከዚህ ውስጥ የሆነ ነገር ይነሳለታል ማለት ነው። የትኛው እንደሚነሳ ካልወሰንሽ መጀመሪያ የሚቀረው ስፖርቱ ነው።

ዝርዝርሽ ውስጥ ያሉት ሰባቱ ነገሮች አንድ ዓይነት አይደሉም። «8 ኪሎ መቀነስ» ውጤት ነው፤ ነገ ጠዋት ተነስተሽ የምታደርጊው ነገር አይደለም። «ስፖርት» ደግሞ የት፣ መቼ፣ ስንት ደቂቃ የሚለው የለውም። ለቀን የሚሆን እቅድ ማታ ላይ «አድርጌዋለሁ» ወይም «አላደረግሁም» ብለሽ ያለ ክርክር የምትመልሺው መሆን አለበት።

ምንም ሳትጀምሪ አንድ ሳምንት ቀኑ የት እንደሄደ ጻፊ። በየደቂቃው አይደለም፤ ምሳ ላይ፣ ቤት ስትደርሺና ልትተኚ ስትይ ሦስት ሦስት መስመር ይበቃል። ከ3፡00 እስከ 5፡00 ያለውን ለብቻው ያዢው። ልጆች ከተኙ በኋላ ያለው ሰዓት የደከመ ሰው ሰዓት ስለሆነ ስልክ በብዛት የሚበላው እሱን ነው።

ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ምረጪና በሰዓት ሳይሆን በድርጊት እሰሪው። ፒተር ጎልዊትዘር የተባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ያጠናው መንገድ ነው፤ «ይህ ሲሆን፣ ያንን አደርጋለሁ» ብሎ አስቀድሞ መወሰን። አዲስ አበባ ውስጥ «1፡15 ላይ እራመዳለሁ» ብትዪ ታክሲው በዘገየ ቀን እቅዱ ይፈርሳል። «የምሳ ዕቃዬን ስከድን ተነስቼ 10 ደቂቃ እራመዳለሁ» ብትዪ ግን ምሳው 6፡30 ቢሆን 7፡30 ቢሆን ለውጥ የለውም።

ለእያንዳንዱ ነገር የክፉ ቀን ልክም ይኑረው። 10 ደቂቃ ካልተቻለ 2 ደቂቃ፣ ቢሮው ውስጥ እስከ መስኮቱ ደርሶ መመለስም ቢሆን። ዓላማው ማሰሪያው እንዳይላላ ነው። «21 ቀን ከደገምሽው ይለምድብሻል» የሚለውን አትመኚ። ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ ለንደን ውስጥ 96 ሰዎችን ይዘው እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት አንድ ነገር ሳያስቡት የሚያደርጉት እስኪሆን የወሰደው መካከለኛ ጊዜ 66 ቀን ነበር፤ እንደ ስሌታቸው ከሰው ሰው ከ18 እስከ 254 ቀን ይለያያል። አንድ ቀን መዝለልም ልማዱን አላበላሸውም። መስከረም ላይ የተጀመረ እቅድ ጥቅምት ላይ «አልሆነልኝም» ተብሎ ሲጣል ገና ግማሹን መንገድ አልሄደም ማለት ነው።

ፊዚዮ ክፍል፦

ስንት ደቂቃ ይበቃል ላልሽው፦ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ በተጨማሪ ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያሠራ ነገር ይመክራል። የቀድሞው መመሪያ አንዱ ጉዞ ከ10 ደቂቃ ካነሰ አይቆጠርም ይል ነበር፤ ያ ቀርቷል፣ አሁን ትንንሹም ይደመራል። «መካከለኛ» ማለት እያወራሽ መሄድ የምትችይበት፣ መዝፈን ግን የማትችይበት ፍጥነት ነው፤ በደቂቃ 100 እርምጃ ግድም ይሆናል። አዲስ አበባ ከባህር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ዳገት ላይ ትንፋሽ ቶሎ ያጥራል። ስለዚህ በእርምጃ ቁጥር ሳይሆን በትንፋሽሽ ተመሪ።

በአንቺ ቀን ውስጥ እንዲህ ይገባል። ከምሳ በኋላ 10 ደቂቃ በአምስት ቀን 50 ነው። ማታ ከሥራ ስትወጪ 15 ደቂቃ በአምስት ቀን 75። እሑድ ከልጆቹ ጋር 30። ድምሩ 155።

የማታዋን 15 ደቂቃ ሰፈር ስትደርሺ ሳይሆን ከቢሮ እንደወጣሽ አድርጊያት። ማታ 1፡00 ሰሚት ላይ ጨለማ ነው፤ 11፡00 ላይ ግን ገና ብርሃን አለ። ታክሲው ወደሚሄድበት አቅጣጫ እየተራመድሽ መሀል መንገድ ላይ ለመያዝ አትሞክሪ፣ ሞልቶ ነው የሚያልፍሽ። ወደ ሌላ መነሻ ሂጂ፤ ከሜክሲኮ ለገሃር በፈጣን እርምጃ 15 ደቂቃ ግድም ነው። የቢሮ ጫማሽን መሳቢያ ውስጥ ትተሽ በስኒከር ተመላለሺ።

የጡንቻውን ማክሰኞና እሑድ ቤት ውስጥ፣ 12 ደቂቃ፦

ወንበር ላይ ቁጭ ብድግ፣ 10 ጊዜ። እጅ ደረት ላይ ተጣምሮ፣ ወንበሩ ግድግዳ ተደግፎ። ጉልበት ወደ ውስጥ ከታጠፈ ፍጥነቱን ቀንሺ።

ግድግዳ ላይ ፑሽአፕ፣ 10 ጊዜ። እግር ከግድግዳው አንድ ክንድ ያህል ይራቅ፣ ወገብ አይርገብ።

በጀርባ ተኝቶ ጉልበት አጥፎ መቀመጫን ማንሳት፣ 10 ጊዜ፣ ላይ ሲደርስ 3 ሰከንድ መቆየት። ለወገብሽ ዋናው ይህ ነው። ብዙ ሰው የሚያበላሸው ከልክ በላይ ከፍ እያደረገ ወገቡን በማጉበጥ ነው፤ ከትከሻ እስከ ጉልበት አንድ ቀጥ ያለ መስመር ሲሆን ይበቃል።

ተረከዝ ማንሳት፣ 15 ጊዜ፣ ጠረጴዛ ይዞ።

ይህን ሁለት ዙር። ትንፋሽ አይያዝ፣ ስትነሺ አውጪ። በየሁለት ሳምንቱ ሁለት ሁለት ድግግሞሽ ጨምሪ። ቦርጭ ለማጥፋት ተብሎ በጀርባ ተኝቶ እየተነሱ መቀመጥን ለጊዜው ተዪው፤ ሆድ አካባቢ ያለውን ስብ ለይቶ አያቀልጥም፣ የታመመ ወገብን ግን ያባብሳል።

ሥራ ላይ ደግሞ በየ30 ወይም 40 ደቂቃው ተነሽ፤ ስልክ ሲደወል ቆሞ ማውራት ጥሩ ማሰሪያ ነው። ሕመሙ ወደ እግር የሚወርድና የሚያደነዝዝ ከሆነ ወይም እግር ከደከመ ሐኪም ይይሽ። ሽንት መቆጣጠር ካቃተሽ ወይም መቀመጫ አካባቢ ከደነዘዘ ቀጠሮ ሳትጠብቂ በዚያው ቀን ሆስፒታል ሂጂ።

ተረኛ ነርስ፦

ፊዚዮ ያለው ትክክል ነው፣ ቅደም ተከተሉ ላይ ግን አልስማማም። ከሰባቱ አንድ ብቻ ያዢ ከተባለ እንቅልፉን ነው የምለው። ከ5፡00 እስከ 11፡00 ስድስት ሰዓት ነው፤ ለአዋቂ ቢያንስ ሰባት ያስፈልጋል። እንቅልፍ ያነሰው ሰው በማግስቱ ይበልጥ ይርበዋል፣ ጣፋጭ ያምረዋል፣ ለመራመድም ይሰንፋል። ሦስት አራቱ እቅድሽ የሚደናቀፈው እዚህ ላይ ነው።

በአንድ ጊዜ ወደ 4፡00 አትዝለዪ፤ አልጋ ላይ ተገላብጠሽ ስልኩን ታነሺዋለሽ። በየሳምንቱ 15 ደቂቃ አምጪው፣ በአራት ሳምንት 4፡00 ይደርሳል። ስልኩ ሳሎን ይሞላ፣ ለመነሻ ተራ የጠረጴዛ ሰዓት ግዢ። መጽሐፉንም እዚያው አልጋው አጠገብ አድርጊ፤ ስልኩ ሲወጣ እሱ ይገባል።

ቡና ከ8፡00 በኋላ ይቅር። የካፌይን ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ አምስት ሰዓት ግድም ይፈጃል፣ አንዳንድ ሰው ላይ ከዚያም በላይ። የማታ ቡና የሚፈላበት ቤት ከሆነ ተቀመጪ፣ ተጫወቺ፣ ፈንዲሻውን ብዪ፤ ስኒውን ግን እለፊው። ከምግብ ጋር ወይም ወዲያው ቡናና ሻይ መጠጣት ደግሞ ከምስርና ከሽሮ የሚገኘውን ብረት ሰውነት በደንብ እንዳይወስደው ያደርጋል፤ በተለይ ለሴት አንድ ሰዓት ማቆየቱ ይጠቅማል። ቃሪያ፣ ቲማቲምና ሎሚ በተቃራኒው ብረቱን ያግዛሉ።

3 ሊትር ውሃ ግዴታ አይደለም። ሽንትሽ ፈዛዛ ቢጫ ከሆነ በቂ ነው። በጾም ቀን እስከ 6፡00 ውሃም ስለማይጠጣ ከባድ ነገር ጠዋት ላይ አታስገቢ፤ ፊዚዮ ጡንቻውን ማክሰኞና እሑድ ማድረጉ ለዚህም ይመቻል። ከ6፡00 በኋላ አንድ ሊትር በአንዴ ከመገልበጥ በየሰዓቱ አንድ ብርጭቆ ይሻላል። ጾሙን በዳቦና በስኳር ሻይ አትፍቺ፣ ቶሎ መልሶ ያስርባል። ምስር፣ ሽሮ ወይም ሽምብራ ያለበት ምሳ እስከ ማታ ይይዝሻል።

ስኳሩን «መተው» ሳይሆን ቁጠሪው። አንድ የሻይ ማንኪያ 4 ግራም ግድም ነው። በቀን አራት ሻይ በሦስት ሦስት ማንኪያ 48 ግራም ይሆናል፤ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ከ50 በታች፣ ቢቻል ከ25 በታች ነው፣ ያውም ለስላሳውና ኬኩ ተደምሮ። በየሳምንቱ ከእያንዳንዱ ስኒ ግማሽ ማንኪያ ቀንሺ፤ ምላስ ቀስ ብሎ ይለምደዋል። ኪሎውን በሳምንት አንድ ቀን ጠዋት፣ ከሽንት በኋላ ተመዘኚ። በሳምንት ግማሽ ኪሎ ከወረደ ጥሩ ነው። ወር ሙሉ ካልተነቃነቀ ዘይቱንና የማታውን ትሪ እዪ፤ 155 ደቂቃ እርምጃ ብቻውን ብዙ ኪሎ አያወርድም።

የጎረቤት ቡና፦

እስካሁን ያልተነሳ ነገር አለ። 11፡00 ተነስታ 12፡30 እስክትወጣ ያለውን አንድ ሰዓት ተኩል ማን ነው የሚሠራበት? ቁርስ፣ የሦስት ሰው ምሳ ዕቃ፣ ሁለት ልጅ ማልበስ። ይህ ሁሉ በአንድ ሰው ላይ ከሆነ ምንም ዓይነት እቅድ አይረዳትም፣ ሌላ የቤት ሥራ ነው የሚጨመርባት።

ባል ወይም ሌላ አዋቂ ቤት ውስጥ ካለ «አግዘኝ» ማለት አይበቃም። አጋዥ ሁልጊዜ «ምን ልሥራ?» ብሎ ይጠይቃል፣ ማሰቡ አሁንም ያንቺ ይሆናል። አንድ ሥራ ከነሐሳቡ ይሰጥ። ለምሳሌ የልጆች ጠዋት ሙሉ በሙሉ የእሱ ይሁን፦ ዩኒፎርም ማታ ማዘጋጀት፣ ማስነሳት፣ ማልበስ፣ ምሳ ዕቃ ቦርሳ ውስጥ መክተት። ካልሲ ቢጠፋም የሚፈልገው እሱ ነው። መጀመሪያ ሁለት ሳምንት ይበላሻል፤ ገብተሽ ከነጠቅሽው ግን ተመልሶ ያንቺ ነው። የምሳውን ወጥ እሑድና ረቡዕ ማታ በብዛት ሠርቶ ማስቀመጥም ይረዳል። የ7 ዓመቱም ልጅ የራሱን ጫማና ቦርሳ ማታ በር ላይ ማኖር ይችላል።

የሰሚቷ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። እንዲህ ልያዘው፦ ይህን ሳምንት ጽሕፈቱን፣ ከሚቀጥለው ጀምሮ እንቅልፉን በየሳምንቱ 15 ደቂቃና የምሳውን 10 ደቂቃ። የማታው እርምጃና የጡንቻው ከወር በኋላ። ስለ ልጆቹ ጠዋት ባሌን ዛሬ ማታ አነጋግረዋለሁ። አንድ የቀረኝ፦ ክረምት ላይ 11፡00 ሰዓት ዝናብ ነው፣ ያኔስ?

ደብተሬ፦

አያያዝሽ ጥሩ ነው፤ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ከበዛብሽ የምሳውን ወደ 2 ደቂቃ አውርጂው እንጂ እንቅልፉን አትንኪ። ለዝናቡም አሁኑኑ ጻፊው፦ «11፡00 ላይ እየዘነበ ከሆነ፣ ቤት ደርሼ ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ የብሎኩን ደረጃ እወጣለሁ»። ቦርሳው ከተቀመጠ ልጆቹ ይይዙሻል።

ፊዚዮ ክፍል፦

ለደረጃው 8 ደቂቃ ይበቃል፤ ከጠፍጣፋ መንገድ ስለሚከብድ ከ15ቱ ደቂቃ ጋር ይተካካል። ስትወጪ ሙሉ እግርሽን ደረጃው ላይ አሳርፊ፣ በጣት ብቻ አትርገጪ። ስትወርጂ መደገፊያውን ይዘሽ ቀስ በዪ፤ ጉልበት የሚጫነው በብዛት ሲወረድ ነው፣ እርጥብ ደረጃ ደግሞ ያንሸራትታል። ጉልበትሽን ካመመሽ እስከ ሁለተኛው ፎቅ ብቻ ተመላለሺ።