የ17 ዓመት ልጅ ቢራ ይዞ ሲቴሽን (የፖሊስ የጥፋት ወረቀት) ተሰጠው፤ ኮሌጅ ያስከለክለዋል? (ሜሪላንድ)

የተማሪ እናት
ልጄ 12ኛ ክፍል ነው። ቅዳሜ ማታ ድግስ ላይ ፖሊስ መጥቶ ቢራ በእጁ ስላገኘ ሲቴሽን ሰጠው። አላሰሩትም፣ መኪናም አልነዳም። ማመልከቻው ኖቬምበር 1 ይገባል። መናገር አለበት? ያለን ግሪን ካርድ ነው።

ሞንጎመሪ20
እህቴ፣ አይዞሽ። ሜሪላንድ ውስጥ ከ21 ዓመት በታች ሆኖ መጠጥ መያዝ የፍትሐ ብሔር ጥፋት እንጂ ወንጀል አይደለም። ልጁ 18 ስላልሞላው ወረቀቱ የሚሄደው ወደ ወጣት አጥፊዎች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ነው። እዚያ ያለው ሠራተኛ ስለ አልኮል ትምህርት እንዲወስድ ወይም፣ የመጀመሪያው ከሆነ፣ እስከ 20 ሰዓት እንዲሠራ ሊያዘው ይችላል።

ነገሩ የሚበላሸው ቀጠሮው ችላ ሲባል ነው፤ ያኔ ፋይሉ ወደ ዐቃቤ ሕግ ሊያልፍ ይችላል። አድራሻ ቀይራችሁ ከሆነ ዛሬውኑ ደውለሽ አሳውቂ። ደግሞ ቨርጂኒያ ያለ ዘመድ የሚልሽን ለዚህ አትውሰጂው። እዚያ ይኸው ጥፋት ክላስ 1 ሚስዲሚነር (ከከባድ ወንጀል ዝቅ ያለ ወንጀል) ነው፤ ቢያንስ 500 ዶላር ወይም 50 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎት አለው፣ መንጃ ፈቃድም ያሳግዳል።

ማመልከቻ_አንባቢ
ኮመን አፕ (ለብዙ ኮሌጆች በአንድ ላይ የሚሞላው የጋራ ማመልከቻ) የወንጀል ታሪክ ጥያቄን ከጋራው ክፍል እ.ኤ.አ. በ2019 አውጥቶታል። ግን እያንዳንዱ ኮሌጅ በራሱ ገጽ ሊጠይቅ ስለሚችል የሁሉንም ገጽ አንድ በአንድ ክፈቱ።

ቁም ነገሩ ያለው ጥያቄው የተጻፈበት ቃል ላይ ነው። «በወንጀል ተፈርዶብህ ያውቃል?» ካለ የእሱ መልስ «የለም» ነው፤ ውሸትም አይደለም። «ሲቴሽን ተሰጥቶህ ያውቃል?» ወይም «በእንጥልጥል ያለ ጉዳይ አለህ?» ካለ ግን «አዎ» ይበል። ያኔ 150 ቃል ያህል ይበቃል፦ ቀኑ፣ ያደረገው፣ የተወሰነበት፣ የጨረሰው ትምህርት። ጓደኞቹን አይክሰስ። ዋናውን ድርሰት በዚህ ጉዳይ ላይ እንዳይጽፈው፤ ትንሿን ነገር ተራራ ያደርጋታል። ካልተጠየቀም አያንሣው።

አንድ ቢራ በር አይዘጋበትም። የሚያስፈራኝ መደበቁ ነው፤ ተጠይቆ የዋሸ ተማሪ መቀበያ ደብዳቤው ከመጣ በኋላም ሊሰረዝበት ይችላል። ድግሱ የትምህርት ቤቱ ከነበረና ከክፍል ከታገደ ደግሞ ካውንስለሩን (የትምህርት ቤቱን አማካሪ) ቀድማችሁ አነጋግሩ፤ የእሱ ሪፖርትና የልጁ ቃል እንዳይጋጩ።

የተማሪ እናት
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ፋይናንሺያል ኤዱስ?

ማመልከቻ_አንባቢ
ፋፍሳ (የመንግሥት የትምህርት ገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻ) ላይ ምንም አያመጣም። ድሮ የነበረው ጥያቄ የአደንዛዥ ዕፅ ፍርድን ብቻ ነበር የሚመለከተው፤ እሱም ቀርቷል።

ዜግነት_ጉዳይ
ግሪን ካርድ ስላልሽ ነው። ኤን-400 (የዜግነት ማመልከቻ ቅጹ) «ሲቴሽን ተሰጥቶህ ያውቃል» ብሎ የሚጠይቀው በልጅነት የሆነውንም፣ ፋይሉ የታሸገውንም ይጨምራል። ስለዚህ ጉዳዩ እንደተዘጋ ማኅተም ያለበትን የውሳኔ ቅጂ ተቀብለሽ አስቀምጪ፤ ከዓመታት በኋላ ማግኘቱ ይከብዳል። ከዚያ የሚበልጠው ግን ይኼ ነው፦ ልጁ 18 ሳይሞላው አንዳችሁ ዜግነት ካገኛችሁና እሱ በሕግ አሳዳጊነታችሁ ከእናንተ ጋር እዚሁ አገር የሚኖር ከሆነ፣ በእናንተ በኩል ወዲያው ዜጋ ይሆናል፤ ኤን-400ን ራሱ መሙላት አያስፈልገውም። የልደት ቀኑን አይታችሁ፣ የምታሟሉ ከሆነ ማመልከቻችሁን አሁኑኑ አስገቡ።